ጠርፋ

ከመንገዱ በታች፣ በካይሮ ምድር ቤት፣
ናፍታሊን ከጠጣ የብረት ሣጥን ፊት፣
ሉህ አነሣለሁ፣ አቧራ አራግፌ፤
ስም፣ ቀንና ቦታ ወደ ማሽን ጽፌ፣
መልሼ አስተኛለሁ በወረቀት አቅፌ።

ዛሬ የጠርፋ ተራ ነው፤
ሸለቆ ሙሉ ቁጥቋጦ፣ በክርና በሙጫ የታሰረው።

«ቁጥር አርባ አንድ። ተማሪስክ፤ ያገሩ ሰው ጠርፋ ይለዋል።
ዋዲ ኡም ረምስ፣ ከጉድጓዱ በስተ ምሥራቅ፣ አሸዋ ላይ።
ቁመቱ ሁለት ሜትር። አበባው ሐመር ሮዝ።
መጋቢት፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ።
ለቃሚ፦ ዶክተር ኤግበርት ክሩል።
መንገድ መሪ፦ አንድ ዘላን።»

አንድ ዘላን።
ለቁጥቋጦው ሁለት የላቲን ስም ወጥቶለታል፤
የአበባው ገጾች ተቆጥረው አምስት ተብለዋል፤
ግመሏ እንኳ ስም አላት፣
ከሉሁ ዳር፣ በእርሳስ፣ «ዘርቃ ዛሬ አነከሰች» ይላል።
ሰውየው ግን «አንድ» ነው።
ቆጣሪ ነኝና «አንድ» ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤
ከባዶ ትንሽ ይሻላል።

አርባ ሁለት፣ አንድ ዘላን። አርባ ሦስት፣ ይኸው።
አርባ ስድስተኛው ላይ የዶክተሩ እጅ ለገሰና
አንድ ቃል ጨመረለት፦
«ጨዋ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም።»

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም።
ከሉሁ የረገፈች ቅንጣት ቅጠል በምላሴ ጫፍ ነካሁ
(አይፈቀድም)፤
ዘጠና ዓመት ተጭና፣ ደርቃ፣ ተሰፍታ፣
ጨዋነቷ አለ።

ጠርፋ እንዲህ ናት እንግዲህ፦
ሥሯ ጠልቆ ወርዶ መራራ ይጠጣል፣
ጨው ጨዉን ለይታ በቅጠል ታልባለች፤
ሌሊት ጤዛ ሲያርፍ ያ ጨው ያለቅሳል፣
ሲነጋ ግመሏ እንባውን ትልሳለች።
በሰኔ ደግሞ ተባይ ቅርንጫፏን ሲወጋት
ማር መሳይ ጠብታ ታዘንባለች፤
ፀሐይ ሳትቀድም የሚለቅሙት፣
መና።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ሴት መጣች።
የጎብኚ ካርድ አንገቷ ላይ፣ በጫማዋ ስፌት አሸዋ፤
ሰብሓ ትባላለች፣ የኡም ረምስ ሰው፣
ስምንት ሰዓት አውቶቡስ ላይ የተቀመጠች።
«ዶክተሩን የመራው አያቴ ነው። ሱወይልም። አሳዪኝ።»

ዘረጋሁላት።
ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን ሳታስነካ፣
«ይኼ የምሥራቁ አይደለም» አለች።
«ከጉድጓዱ ምሥራቅ ጠርፋ ተቆርጣ አታውቅም፤
ሥሯ ሥር ሦስት ልጆቹ አሉ፣ የኩፍኝ ዓመት ልጆች።
ሌሊት ለሌሊት ሸለቆውን አዙሮ አዙሮት፣
በምዕራብ ዳር አስቆረጠውና
‹ምሥራቅ ማለት ይኼ ነው› አለው።»
«ኮምፓስ አልነበረውም?»
«ነበረው። ያን ለት ጠፋ።
በማግስቱ ከዘርቃ ኮርቻ ሥር ተገኘ።»

ሳቅን። ጥበቃው አንገቱን አስግጎ አየን።

«የምዕራቡስ፣ ዛሬ አለ?»
«ሆቴሉ ፓምፕ ተክሎ ውሃውን ጠጣው።
ቆሞ የቀረው የልጆቹ ብቻ ነው።»

እንዲህ ከሆነ፣ አልኩ በልቤ፣
ይህ ሁሉ ሉህ፣ ይህ ሁሉ ሙጫ፣
በመርከብ ሄዶ በመርከብ የተመለሰው፣
በሦስት ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ የሆነው ውሸት...
«ታዲያ የዶክተሩ ልፋት?» አልኳት።

የሽሮፕ ብልቃጥ ከቦርሳዋ አወጣች፤
ከታች፣ ቢጫ፣ የረጋ፣ የዘንድሮ ሰኔ፣
ከምሥራቆቹ የተለቀመ።
ክዳኑን ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና
«መና ቀረ» አለች።

ስትሄድ ወደ ማሽኑ ዞርኩ።
«አንድ ዘላን» የሚለውን አጥፍቼ፣ ሱወይልም።
«በስተ ምሥራቅ» ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።
ምዕራብ ብል፣ ዛፍ የለም፤
ምሥራቅ ብል፣ መቀስ የያዘ ይመጣል።
«ከጉድጓዱ አጠገብ» ብዬ ጻፍኩ።
በየት በኩል የሚል ካለ
መሪው ይጠየቅ፤ ስሙ ይኸው።